ስቴላር አካውንት ላይ ዳታ ስለማስቀመጥ

ሰላም ወንድሜ። የሰልጣኞችህን ስም፣ ስልክና የምስክር ወረቀት በየራሳቸው የስቴላር (ማንም ሊያየው የሚችል የብሎክቼይን ኔትወርክ ነው) አካውንት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ፣ በኋላስ እንዴት ይቀየራል ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ለአንድ ማሰልጠኛ ይህንኑ ሠርቻለሁ።

አዎ፣ ይቻላል። ማኔጅ ዳታ የሚባለው ትእዛዝ የመዝገብ ስምና ዋጋ (የሚጻፈውን ይዘት) ተቀብሎ አካውንቱ ላይ ይጽፋል። ለመቀየር በዚያው ስም አዲስ ዋጋ ትልካለህ። ለመሰረዝ ስሙን ብቻ፣ ያለ ዋጋ። እያንዳንዱ መዝገብ 0.5 ሉመን (የስቴላር ገንዘብ) ያስይዛል፤ ስትሰርዘው ይለቀቃል።

ቦታው ግን ጠባብ ነው። ስሙም ዋጋውም እያንዳንዳቸው ከ64 ባይት ማለፍ አይችሉም። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚጻፍ ዋጋ 21 ፊደል ላይ ያበቃልሃል። ተክለሃይማኖት የሚለው ስም ብቻውን 24 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ስሞች ስሞክር ሁሉም አለፈ። አማርኛውን ከነአያት ሳስገባ እምቢ አለኝና ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ዋልኩ።

ስልክ ቁጥር ግን እባክህ አትጻፍ። እኔ ጽፌ ነበር። አንዲት ሰልጣኝ አጥፋልኝ አለችኝ፤ ሰረዝኩት። አካውንቱ ላይ አይታይም፣ ቁጥሩን የጻፍኩበት ትራንዛክሽን (የተላከው ትእዛዝ) ግን በኔትወርኩ የታሪክ መዝገብ ውስጥ እስከዛሬ አለ። ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። የስቴላርን ዳታ በምናነብበት ሆራይዘን ላይ የምታየው ዝብርቅርቅ ጽሑፍም አያታልልህ፤ ቤዝ 64 የሚባል የአጻጻፍ ስልት ነው እንጂ ምስጢር አይደለም፣ ማንም ይፈታዋል። ሃሽ ባደርገውስ (ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ወደ አጭር አሻራ ብለውጠውስ) እንዳትል፤ ከ09 በኋላ ያለው 8 አሃዝ ነው። 100 ሚሊዮን ቁጥር አንድ በአንድ ሃሽ አድርጎ እያወዳደሩ መጨረስ ለአንድ ተራ ኮምፒውተር ቀላል ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሰነዱ በራሳችን ዳታቤዝ ይቀመጣል። ከሰነዱ ጋር ረዘም ያለ የዘፈቀደ ቁጥር ቀላቅዬ ሻ 256 በሚባለው ስሌት ሃሽ አደርገዋለሁ፤ ስቴላር ላይ የሚወጣው ይኸው 32 ባይት ብቻ ነው።

የምጽፈውም በሰልጣኙ አካውንት ላይ አይደለም። የአካውንቱ ቁልፍ በእጁ ነውና የፈለገውን ደርቦ ሊጽፍበት ይችላል፤ ታዲያ ምኑን ምስክር ሆነ? በማሰልጠኛው አካውንት ጻፈው። አንድ አካውንት እስከ 1000 መዝገብ ይይዛል፤ ሲሞላ ሌላ ትከፍታለህ። ብዙ ለውጥ በአንድ ጊዜ ከላክህ ሲኩዌንስ ቁጥሩ (የአካውንቱ ትራንዛክሽኖች ተራ ቁጥር) እየተጋጨ ይወድቅብሃል። በአንድ ትራንዛክሽን እስከ 100 ትእዛዝ ስለሚገባ ሰብስበህ ላከው።