የኤስኤፒ አማካሪዎች ቅጥር፦ ጥያቄና መልስ

ኤስኤፒ የጀርመን ሶፍትዌር ኩባንያ ነው፤ ድርጅቶች ሒሳባቸውን፣ ግዢያቸውንና መጋዘናቸውን የሚመሩበት ሶፍትዌሩም በዚሁ ስም ይጠራል። እኔ በኤስኤፒ የፋይናንስ ዘርፍ አማካሪ ነኝ፤ ለቅጥር ቃለ መጠይቅም ከጠያቂዎቹ ወገን እቀመጣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ገበያው ቀዝቅዟል ይባላል፤ የሥራ ማስታወቂያ ግን አሁንም ይወጣል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ወለድ መጨመር ከጀመረ ወዲህ ኩባንያዎች የማያጣድፋቸውን ፕሮጀክት ሁሉ አቆይተዋል። ትልቁ አማካሪ ድርጅት አክሰንቸር በ2023 ወደ 19,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ኤስኤፒ ራሱ በ2024 መጀመሪያ 8,000 ያህል የሥራ መደቦችን የሚነካ ለውጥ አወጀ። ነገር ግን ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ የማይችል ሥራም አለ። ኢሲሲ የሚባለው የቀድሞው የኤስኤፒ ሥርዓት መደበኛ ድጋፉ በ2027 መጨረሻ ያበቃል፤ ተጨማሪ የከፈለ እስከ 2030 ይቆያል። አሁን የሚቀጠረው በአብዛኛው ይህ ቀን ለሚያስጨንቀው ሥራ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ «ፕሮጀክቱ በጀት ጸድቆለታል?» ብለህ ጠይቅ፤ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፤ የማውቀው ኢሲሲን ብቻ ነው። ጊዜዬ አለፈ ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲያውም አሁን ነው የሚፈለጉት። ኢሲሲን ወደተካው አዲሱ የኤስኤፒ ሥርዓት፣ ወደ ኤስ ፎር ሃና፣ የሚሻገር ኩባንያ ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈው ፕሮግራም ለምን እንደተጻፈ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። የቀረዎትን ግን ይማሩ፦ ደንበኛና አቅራቢ ተለያይተው መመዝገባቸው ቀርቶ ሁለቱም «ቢዝነስ ፓርትነር» በሚል አንድ መዝገብ ሆነዋል፤ የሒሳብና የወጪ ቁጥጥር መዛግብትም በአንድ ሰንጠረዥ ተጠቃለዋል። እነዚህን ሁለት ለውጦች በምሳሌ ማስረዳት የሚችል ሰው ዕድሜው አይጠየቅም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የምማርበት ማሠልጠኛ «የሰባት ዓመት ልምድ አለኝ ብለሽ ጻፊ» ይለኛል። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ አታድርጊው። ሥራ እንደልብ በነበረበት ጊዜ አንዳንዱ በዚህ መንገድ ገብቶ ይሆናል። ዛሬ አንድ የሥራ ቦታ ለመሙላት የቃለ መጠይቁ ዙር በዝቷል፤ የቀድሞ አሠሪም ይጠየቃል። እኔ «የወር መዝጊያው ሒሳብ ሳይገጥም ሲቀር መጀመሪያ የት ታያለህ?» ብዬ ስጠይቅ የሠራና ያልሠራ ሰው በሁለት ደቂቃ ይለያል። ያንቺ እውነተኛ ልምድ ምንድን ነው? በሆቴል ሒሳብ ክፍል፣ በመጋዘን ወይም በሆስፒታል ክፍያ ክፍል ሠርተሽ ከሆነ ከዚያው ጀምሪ። የመጋዘን ዕቃ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ በእጇ የምታውቅ ሰው ሶፍትዌሩን ትማረዋለች፤ ሶፍትዌሩን ብቻ የሚያውቅ ግን መጋዘኑን ለመማር ብዙ ይፈጅበታል። ኤስኤፒ ባለው ድርጅት ውስጥ በተጠቃሚነት መግባት፣ ከዚያ በፕሮጀክቱ ቡድን ውስጥ መታቀፍ፣ ቀርፋፋ ቢሆንም የሚያዋጣ መንገድ ነው። የምስክር ወረቀቱ ያግዛል፤ ብቻውን ግን በር አይከፍትም።

ጥያቄ፦ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ የመንግሥት ፕሮጀክትስ?

መልስ፦ በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት የትልልቅ አማካሪ ድርጅቶችን ውሎች መከለስና መሰረዝ ጀምሯል። ዓይንህን ወደ ካውንቲዎች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎችም አዙር።

ጥያቄ፦ ዱባይ በሒሳብ ሠራተኝነት ላይ ነኝ። ወደዚህ ሙያ ልግባ?

መልስ፦ ግባ፤ ግን የግብር ሥራውን ይዘህ ግባ። ሳዑዲ ዓረቢያ በታኅሣሥ 2021 ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ አስገደደች፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የኩባንያዎቹን ሥርዓት ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር በየተራ እያገናኘች ነው። ኤምሬቶችም ከሰኔ 2023 ወዲህ የ9 በመቶ የኩባንያ ግብር አላቸው። ሕግ ያመጣው ሥራ ገበያ ሲቀዘቅዝም አይሰረዝም። ሳዑዲ ግን ለዜጎቿ የቅጥር ኮታ ስላላት ከመሄድህ በፊት የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ በጽሑፍ አስጨርስ።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይወስደዋል?

መልስ፦ የጀማሪውን ሥራ እየወሰደ ነው፦ የሙከራ ሰነድ፣ የተጠቃሚ መመሪያ፣ ቀላል ኮድ። የግዢ ኃላፊውንና የሒሳብ ኃላፊውን የሚያስማማ ማሽን ግን እስካሁን አላየሁም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ነኝ። ኤስኤፒ ልማር?

መልስ፦ ባንክ ውስጥ ካለህ ቀዳሚው የባንኩ ዋና ሥርዓት ነው፤ ንግድ ባንክ ለምሳሌ ቲ24 የሚባለውን የባንክ ሶፍትዌር ይጠቀማል። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈለው የፈቃድ ዋጋና የውጭ አማካሪ ክፍያ በብር ሲሰላ እጅግ ንሯል። ከውጭ የሚመጣውን ሰው ተክተህ አንድ ክፍል እንኳ መሥራት ከቻልክ አለቃህ ወጪውን ራሱ ያሰላዋል። በ2025 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል።