«ዋን ዊክ»ን የሠሩት እነማን ናቸው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

አሜሪካዊው ኮሜዲያን ባስተር ኪተን በ1920 ስላወጣት «ዋን ዊክ» («አንድ ሳምንት») ስለተባለች ድምፅ አልባ አጭር ኮሜዲ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ደስ ብሎኛል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኪተን ብቻ ነው የሚያወራው። እናንተ ግን አብረውት ስለሠሩት ሰዎች ስለጠየቃችሁ የማውቀውን ሳልቆጥብ እመልሳለሁ።

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ ተጋቢዎች ተገጣጣሚ ቤት በስጦታ ያገኛሉ። ሙሽሪት እምቢ ያለችው ሰውዬ ቂም ይዞ የቤቱ ክፍሎች የመጡባቸውን ሣጥኖች ቁጥር ይቀይርባቸዋል። ሙሽራው በተቀየረው ቁጥር ሲገጥመው ቤቱ ጠማማ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መከራ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈው የሁለት ሰው ስም ነው። እውነተኛው የቱ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም። አንዱ ኪተን ነው፣ ሌላው ኤዲ ክላይን። ክላይን የዊስኮንሲን ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው የኮሜዲ ፊልም አዘጋጁ ማክ ሴኔት ዘንድ፣ ኪስቶን ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኪተን ራሱ ካሜራ ፊት ስለሚቆም ከካሜራ ጀርባ ሆኖ «ይህ ያስቃል፣ ይህ አያስቅም» የሚለው የሚያምነው ሰው ያስፈልገው ነበር። ክላይን ያ ሰው ነው። አብዛኞቹን አጫጭር ፊልሞች አብረው ሠርተዋል። ድምፅ ከመጣ በኋላም ክላይን አልተቀመጠም፤ በ1940 ኮሜዲያኑ ደብሊው ሲ ፊልድስ የተወነባቸውን ሁለት ታዋቂ ኮሜዲዎች ዳይሬክት አድርጓል።

ጥያቄ፦ ሙሽሪቷ ልቤን ወሰደችው! ማን ናት? ሌላ ፊልም አላት?

መልስ፦ ሲቢል ሲሊ ትባላለች። እሷም ከማክ ሴኔት ቤት የመጣች ናት። ስለ እሷ ብዙ አለመወራቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያን ዘመን ኮሜዲ ውስጥ ሴቷ ባብዛኛው ቆማ የምትታይ፣ ወይም ጮኻ የምትሮጥ ናት። ሲሊ ግን ትሠራለች። ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ አትነጫነጭም፤ ከባሏ ጎን ቆማ ቀጣዩን ትሞክራለች። ሁለቱን ስታዩ በእርግጥም የሚዋደዱ ባልና ሚስት ይመስሏችኋል። የፊልሙ ሙቀት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመታጠቢያ ገንዳውን ትዕይንትም አስታውሱ። ገንዳው ውስጥ ሆና ሳሙናው ከእጇ ያመልጥና መሬት ይወድቃል። ለማንሳት ስትል ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ እኛ ታያለች። ወዲያው የሰው እጅ ይመጣና ሌንሱን ይሸፍናል። እጁ ሲነሳ ሳሙናውን ይዛ ተመልሳ ተቀምጣለች፣ ፈገግ ብላም ታየናለች። ይህ የጥቂት ሰከንድ ጨዋታ ነው፤ ግን ዓይኗ ላይ ያለው ነገር ባይኖር ኖሮ ቀልዱ ብልግና ይሆን ነበር። እሷ ናት ያቀለለችው።

ከኪተን ጋር በአምስት ፊልም ታይታለች። ከእነዚህ አንዱ በ1921 የወጣው «ዘ ቦት» ነው፤ እዚያ ደግሞ ሚስቱም የልጆቹ እናትም ሆና ታገኟታላችሁ። ያገባችው የፊልም ጸሐፊውን ጁልስ ፈርዝማንን ነው። በ1922 ከሲኒማ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖራ በ1984 አረፈች።

ጥያቄ፦ ፒያኖውን እንደ ላባ የተሸከመው ግዙፍ ሰውዬስ?

መልስ፦ ጆ ሮበርትስ ነው፤ «ቢግ ጆ» ይሉታል። የኪተን ቤተሰብ የቆየ ወዳጅ ነው። የኪተን ወላጆች የመድረክ ሰዎች ስለነበሩ ክረምቱን የሚያሳልፉት ሚሺጋን ውስጥ መስኪገን በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ከሌሎች የመድረክ ሰዎች ጋር ነበር። ሮበርትስም ከእነሱ አንዱ ነበር። ኪተን የራሱን ስቱዲዮ ሲይዝ ጠራው። ከዚያ በኋላ ፖሊስም ይሁን ወንበዴ፣ ግዙፍና አስፈሪ ሰው በተፈለገ ቁጥር እሱ ነው። በ1923 ረጅሙን ፊልም «አወር ሆስፒታሊቲ»ን ሲቀርጹ ስትሮክ መታው። ተመልሶ ድርሻውን ጨረሰ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አረፈ። በዚያ ፊልም ላይ ሽማግሌውን የቤተሰብ አባት ሆኖ ሲተውን ስታዩ ይህን አስቡለት።

ጥያቄ፦ ቤቱ በአውሎ ነፋስ ሲሽከረከር እውነት ነው ወይስ የካሜራ ማታለያ? እኔና ባለቤቴ ተከራክረንበታል።

መልስ፦ እውነት ነው። ቤቱ ሙሉ ቤት ነው፣ የሚሽከረከረውም በእርግጥ ነው። ከሥሩ መሽከርከሪያ መድረክ አለ፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለተደበቀ አይታይም።

የዚህ ሥራ ባለቤት ፍሬድ ጋቡሪ ነው። በወረቀት ላይ ሹመቱ «ቴክኒካል ዳይሬክተር» ነው። ሥራው ግን ኪተን ያሰበውን የማይቻል የሚመስል ነገር በእንጨትና በብረት እውን ማድረግ ነበር። ካናዳ የተወለደ፣ የቲያትር መድረክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከኪተን ቀጥሎ የዚህ ፊልም ትልቁ ሰው ጋቡሪ ነው። ቤቱ ራሱ እኮ ተዋናይ ነው! ግድግዳው ይገለበጣል፣ በሩ ወደ ባዶ አየር ይከፈታል፣ እንግዶቹ ውስጥ ሆነው ሲዞር ይወራወራሉ፣ ኪተን ደግሞ ውጭ ሆኖ በሚያልፈው በር ዘሎ ለመግባት ይሞክራል። አንዱም ክፍል በሰዓቱ ባይንቀሳቀስ ሳቅ የለም፣ ሰውም ይጎዳል።

መጨረሻ ላይ ያለው ባቡርም እውነተኛ ባቡር ነው። ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ቤቱ ሐዲድ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ባቡር ይመጣል፣ ባልና ሚስቱ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ባቡሩ በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ! ከዚያ እነሱም እኛም ባላሰብነው ጊዜ ሌላ ባቡር ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥቶ ቤቱን ያደቀዋል። ካሜራው ሳይጠጋ፣ ሳይቆረጥ፣ ከሩቅ ሁሉንም በአንድ ፍሬም ያሳየናል። ኪተን ሰው እንዲያምን ይፈልግ ነበር፤ የሚያምነው ደግሞ ሙሉውን ሲያይ ነው።

ጥያቄ፦ ካሜራማኑ ማነው?

መልስ፦ ኤልጂን ሌስሊ። ያኔ የፊልም ካሜራ በእጅ የሚዞር እጀታ ነው ያለው። በዝግታ ካዞርከው በስክሪን ላይ ሰው ይፈጥናል፤ ካፈጠንከው ይዘገያል። ሌስሊ ደግሞ በተጠየቀው ፍጥነት፣ ሳይዛነፍ ያዞራል።

ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ የሚያሳየው በ1921 የሠሩት «ዘ ፕለይሃውስ» ነው። እዚያ ላይ ዘጠኝ ኪተኖች በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ ይታያሉ። ሌንሱ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋ ጠባብ መስኮት ያለው ሣጥን ተሠራ። አንዱን መስኮት ከፍተው አንዱን ኪተን ይቀርጻሉ፤ ይዘጉታል፤ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሰው ቀጣዩን ይከፍታሉ። ዘጠኝ ጊዜ! ሌስሊ በአንዱ ዙር ላይ እጁ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ እንቅስቃሴያቸው አይገጥምም፣ የተቀረጸው ሁሉ ይጣላል። በኮምፒውተር ዘመን ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ለማመን ይቸገራል።

ጥያቄ፦ ስታንቱን (አደገኛውን ትዕይንት) ራሱ ነው የሠራው? አልተጎዳም?

መልስ፦ ራሱ ነው። ከላይኛው ፎቅ ወደ ውጭ የሚከፈተውን በር ከፍቶ መሬት ላይ የሚወድቅበት ቦታ አለ። መሬቱን ቆፍረው ጭድ ሞሉበት፣ ላዩን በሣር አለበሱት። እንዲያም ሆኖ ከወደቀ በኋላ ክንዶቹና ጀርባው አብጠዋል።

ጥያቄ፦ ብሩን ያወጣው ማነው?

መልስ፦ ጆሴፍ ሸንክ፤ ያከፋፈለው ደግሞ ሜትሮ የተባለው የፊልም ኩባንያ ነው። ኪተን ከ1917 ጀምሮ የሠራው ከኮሜዲያኑ ሮስኮ አርባክል ጋር ነበር። አርባክል ወደ ረጃጅም ፊልም ሲሄድ ሸንክ ቡድኑን ለኪተን ሰጠው። ሆሊውድ ውስጥ ቀድሞ ቻፕሊን የሠራበትን ስቱዲዮም አዘጋጀለት። ሸንክ በሥራው ጣልቃ አይገባም ነበር፤ ይህ ነጻነት ለኪተን ከደመወዙ በላይ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቱን ማን ጻፈው?

መልስ፦ እንደዛሬው የተጻፈ ስክሪፕት የላቸውም። ጥሩ መነሻና ጥሩ መጨረሻ ይፈልጋሉ፤ መሃሉ እየሠሩ ይመጣል። ሐሳብ ሲነጥፍባቸው ወጥተው ቤዝቦል ይጫወታሉ፣ አንዱ ላይ ሐሳብ ሲመጣለት ጨዋታው ቆሞ ወደ ካሜራው ይመለሳሉ። የዚህ ፊልም መነሻ ግን ይታወቃል፦ ፎርድ ኩባንያ በ1919 ስለ ተገጣጣሚ ቤት አሠራር ያወጣው ትምህርታዊ ፊልም ነው። ሠርጉም፣ የቀን መቁጠሪያውም፣ መኪናውም እዚያ አለ። እነ ኪተን ያንን ወስደው ገለበጡት።

ጥያቄ፦ የኪተን የመጀመሪያ ፊልም ይህ ነው ይላሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ በራሱ ስም ለሕዝብ የወጣ የመጀመሪያው ነው። ቀድሞ የተቀረጸው «ዘ ሃይ ሳይን» ነው፤ ኪተን አልወደደውምና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በ1921 ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ መሥራት ሲያቅተው ነው የወጣው። በ«ዋን ዊክ» ለመጀመር መወሰኑ ትክክል ነበር። ያኛውም ያስቃል፤ ግን ይህን ያህል አይገጥምም።

ጥያቄ፦ አንዱ ጋ 19 ደቂቃ፣ ሌላው ጋ 25 ደቂቃ ነው። የተቆረጠ ነገር አለ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መቆረጥ ሳይሆን የማሳያው ፍጥነት ነው። ድምፅ ስላልነበረ አንድ የተወሰነ ፍጥነት አልነበረም፤ አንዱ ፈጠን፣ ሌላው ዘግየት አድርጎ ያሳየዋል። ሙዚቃውም በየሲኒማ ቤቱ በቀጥታ ይሠራ ስለነበር ዛሬ በየቅጂው የምትሰሙት የተለያየ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ ስላበቃ በነጻ ማየት ይቻላል። እኔ ዘግየት ያለውን እመርጣለሁ፤ የሲሊ ፊት የሚነበበው በእሱ ነው።

ስለ «ዘ ቦት» የጠየቃችሁኝን ለብቻው እጽፋለሁ። እስከዚያው ፊልሙን እዩት፣ ሲሊ ከ«ዋን ዊክ» ምን ያህል እንደተለወጠችም አስተውሉ።