ጋምቤላ የእንግሊዝ ግዛት ነበረች?

ጥያቄ፦ ጋምቤላ ቀድሞ በእንግሊዝ ትገዛ ነበር ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? ክልል የሆነችውስ መቼ ነው? (አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ወሬው የተጋነነ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ልኩም ተቆርጧል፦ ወንዙን የሚነካው ወገን ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም፤ ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም። ውሉ የሚጠቅሰው የኢታንግን አካባቢ ሲሆን ጣቢያው የተቆረቆረው ግን ከዚያ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው።

ንግዱ የክረምት ነበር። ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል መርከብ አሸዋ ላይ ስለሚቀር፣ የዘገየ ቡና ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል።

ጣሊያን በ1928 ገባ፣ በ1933 ወጣ። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ብቻ ስለነበር፣ በ1948 ነጻ ስትወጣ ኪራዩም መሠረቱን አጣ። ጋምቤላ ከዚያ ለረጅም ጊዜ በኢሉባቦር ሥር ቆየች። በሽግግሩ ወቅት «ክልል 12» ተባለች፤ የፌዴሬሽኑ አባል ክልል ሆና የተጻፈችው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ነው።

ስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ሲያገላብጡ የውሉ ዓመት 1902 ተብሎ ቢያጋጥምዎ የፈረንጅ ነው። 8 ካልቀነሱለት ምኒልክን በሕመም አልጋቸው ላይ ያስፈርሟቸዋል።