ጎርፍ የወሰደው የዱቤ ደብተር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈሬ ልጅ ቤቴ መጣች። የአራት ዓመት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሁድ ለዲግሪዋ ትማራለች። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ሐሳቧን አወጣችው። «አቦ እትዬ፣ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ዕዳው በዛብኝ። ከማን ልጀምር?»

የድሬ ልጅ «እርስዎ» አያበዛም፤ ይህን እወድላቸዋለሁ። ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በ1998 ዓ.ም. እኔም ይኸው ጥያቄ ነበረብኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ለራሴ መለስኩት። የተሳሳተ መልስ ነበር።

ያኔ 38 ዓመቴ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ አባታቸው ጥሎን ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። በዲፕሎማ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 780 ብር ነው። ዲግሪ ከሌለ እድገት የለም ተባልን። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ስለሆነ ገና አልተከፈተም። ማታ በክፍያ ተመዘገብኩ።

መጀመሪያ እቁብ ገባሁ። ቶሎ ደረሰኝና ገንዘቡን ለምዝገባ ከፈልኩት። ከዚያ በኋላ በየወሩ 200 ብር የእቁብ መጣያ ሆነ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲመጣ ከአንድ ሰውዬ 3,000 ብር ተበደርኩ፣ በወር 10 በመቶ። በየወሩ 300 ብር እሰጠዋለሁ። ከዐሥር ወር በኋላ ቁጭ ብዬ ስደምር 3,000 ብር ከፍዬዋለሁ። ዋናው ግን አልተነካም። ሰውዬው ወሩ ሲሞላ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ስሜን ይጣራል። ባልደረቦቼ እንዳይሰሙ ሮጬ ወጥቼ እሰጠዋለሁ።

ከደመወዜ ሁለቱን ዕዳ ቀንሱና የቀረውን እዩት። የቤት ኪራይም ከእሱ ላይ ነው። ለምግብ የሚተርፍ የለም። ልጆቼን የመገበቻቸው ኤዶ ናት።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የአባት እኅት። እሷን ሰፈሩ ሁሉ ነው እንዲህ የሚጠራት። ደቻቱ ወንዝ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ የዱቄት ወተት፣ ሳሙና። ሶማሊኛውን፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን አንድ ላይ ቀላቅላ ታወራዋለች። መጻፍ ግን አትችልም። የወሰደውን ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ባለዕዳው ራሱ ነው። ወር ሲያልቅ እኔን ትጠራኛለች፤ «ነይ ደምሪልኝ።» በርጩማ ላይ ተቀምጬ የሰፈሩን ዱቤ እደምራለሁ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነበር። ማን ስንት እንዳለበት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የራሴ ገጽ መጨረሻ ላይ የጻፍኩት ድምር 1,260 ብር ነው።

ኤዶ አትጮህም። አንድም ቀን «ስጪኝ» ብላኝ አታውቅም። ስለዚህ አልከፈልኳትም። እየቆየ ሲሄድ ፊቷን ማየት አፈርኩ። መንገዴን ቀየርኩ፤ በከፊራ ዞሬ ቤቴ እገባለሁ። ልጆቼንም በዚያ እንዳያልፉ ነገርኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ ደብተሩን ልደምርላት አልሄድኩም።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ደመወዙን ተቀብሎ ከለገሃር ሲወጣ ቀጥታ ቤት አይመጣም። እጄን ይዞ መጀመሪያ ዱቤ ያለበትን ሁሉ ይዞራል። ገንዘቡ ባይሞላ እንኳ ያለውን ሰጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚነሳው። ለእኔ ቴምር ይሰጡኛል። እናቴ «ለቤቱ ምን ቀረ?» ብላ ትቆጣለች። እሷም እውነት አላት። እኔ ግን ይህን እያየሁ አድጌ መንገድ ቀየርኩ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ መጣ። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ያን ሌሊት ከበላይ በኩል፣ ከደጋው፣ የወረደው ውሃ የተኛ ሰው ላይ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተብን። ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ጠዋት ስወጣ ሁሉ ነገር ጭቃ ነው። የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ የተገለበጠ አልጋ፣ ስም እየጠራ የሚሮጥ ሰው። የኤዶ ሱቅ ያለበትን ቦታ መለየት አቃተኝ።

መትረፏን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ ደብተሩ ትዝ አለኝ። ደብተሩ ሄዷል። እፎይ አልኩ። ሰው የልጁን አስከሬን በሚፈልግበት ቀን እኔ እፎይ አልኩ። ይህን ለወለድኳቸው ልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን እንጀራና ወጥ ይዤ እነ ኤዶ ወደተጠለሉበት ቦታ ሄድኩ። የሰው ልብስ ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አቀፈችኝ። ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀችኝ። ቀጥላ «ፈተናሽን ጨረስሽ?» አለች። ቦርሳዬ ውስጥ ለመስከረም ምዝገባ ያስቀመጥኩት 400 ብር ነበር። አላወጣሁትም።

ከ400 ብሩ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያ ደብተር ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ሙሉው ባይሆን አብዛኛው። ወረቀት አውጥቼ «ኤዶ፣ ነይ እንጻፈው፤ እገሌ ይህን ያህል፣ እገሊት ይህን ያህል» ማለት እችል ነበር። ያን ማድረግ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ሰው የቻለውን ቢከፍላት ሱቋን መልሳ ትከፍት ይሆናል። ግን የሌላውን ከጻፍኩ የራሴንም መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። «ጨርሻለሁ» ብያት ተነሳሁ።

ጥቅምት ላይ ስሄድ የለችም። አንዱ ጅቡቲ ሄዳለች አለኝ፤ ሌላው ጅግጅጋ። በ2000 ተመረቅኩ፤ እድገቱም መጣ። የሰውዬውን 3,000 ከነወለዱ ጨረስኩ። ለኤዶ 1,260 ብር ፖስታ ውስጥ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «እባክህ ጠይቅልኝ» እላለሁ። በ2013 የብር ኖት ሲቀየር ፖስታውን ይዤ ባንክ ተሰለፍኩ፤ በአዲሱ ቀይሬ መለስኩት። በ1998 የወራት አስቤዛ ነበር። ዛሬ የአንድ ሳምንትም አይሞላ።

ወደ እናንተ ልምጣ። ወጪያችሁን መዝግቡ፣ ያላችሁን አብቃቁ አልላችሁም። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል።

አራጣ ግን አትንኩ። በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 120 በመቶ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለብድር ወለድ ያስቀመጠው ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው። አራጣ ማበደር ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። መሥሪያ ቤቴ በር ላይ እየጮኸ ያዋረደኝ ሰው ሕግ የጣሰው እሱ ነበር፤ የማፍረው ግን እኔ ነበርኩ።

ቀለብ ጠይቁ። እኔ የልጆቼን አባት አልጠየቅኩም። «ከእሱ ሳንቲም አልፈልግም» አልኩ። ለከተማችን የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በዚያም ልጅን መቀለብ የእናትም የአባትም ግዴታ ነው። የእኔን ኩራት ወጪ የሸፈነችው ኤዶ ናት።

ብድር ስትወስዱም ስትሰጡም ጻፉት። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በተበዳሪው እምነት፣ ማለትም «አለብኝ» ብሎ በማመኑ፣ ወይም በመሐላ ነው። እምነት የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ያ ምንጣፍ ትዝ ይለኛል።

ስለ ዛሬ ልጆች አንድ ነገር ልናገር። ለምረቃ ድግስ ስትበደሩ አልወድም። ዲጄ፣ ኬክ፣ በባለሙያ የተነሳ ፎቶ። ለአንድ ቀን ነው። ከስልክም ቶሎ ትበደራላችሁ። የቴሌብር መላ፣ እንደኪሴ፣ ሁሉም ጣታችሁ ጫፍ ላይ ነው። ስልኩ ቀኑን አይረሳም፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ትከፍሉታላችሁ። የምትታገሣችሁን ጎረቤት ታስቆያላችሁ። ግን ከእኛ የምትበልጡበትም አለ። ትጠይቃላችሁ። እኛ ዕዳን እንደ በሽታ ደበቅነው።

ተበድራችሁ አትማሩ ልላችሁ ብዕር አንስቼ ነበር። ይህን ምክር ስሰጥ ኖሬያለሁ። አሁን ስጽፈው ግን እጄ እምቢ አለኝ። ባልበደር ኖሮ ዲግሪው የለም። ዲግሪው ባይኖር ልጆቼ እዚህ አይደርሱም። ስለዚህ አልላችሁም።

ለዚያች ልጅ ወረቀት ሰጥቼ ዕዳዋን በሙሉ አስጻፍኳት። የስልክ ብድር፣ የትምህርት ክፍያ፣ የአጎቷ ልጅ፣ ባለሱቁ። «ከሁሉም ጠይቃሽ የማታውቀው ማናት?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ወረቀቱ ግርጌ አንድ ስም ጨመረች። እሷ ክፍል ስትገባ ልጇን የምትይዝላት ጎረቤት ናት። የሦስት ወር አልከፈለቻትም።

«ስንት አለሽ?» አልኳት።

«200 ብር።»

«እሱን ይዘሽ ሂጂ። የቀረውን መቼ እንደምትሰጫት ንገሪያት። ቡና ካፈላችልሽ ጠጪ።»

ዛሬ ከክፍል ስትወጣ እሄዳለሁ ብላኛለች። ማታ ትደውልልኛለች ብዬ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እየጠበቅኩ ነው።