ልጅሽ ልክ ነው፣ የአቤል እናት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ልጄ አቤል ካርታ ሲያይ ኪርጊዝስታን ውስጥ ታሽ ኮሙር የምትባል ከተማ አገኘ። ትርጉሙ «የድንጋይ ከሰል» ነው አለኝና ተከራከርን። እውነት ነው? ከተማ እንዴት በከሰል ይሰየማል? — የአቤል እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አቤል ረትቶሻል። በኪርጊዝኛ «ታሽ» ድንጋይ ነው፣ «ኮሙር» ከሰል። ልክ እንደኛው!

ጂኦግራፊ ሳስተምር አንድ ተማሪ ከእናቱ ማንደጃ ከሰል ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ነው?» አለኝ። አይደለም። ያ የግራር ከሰል ነው። ስትሰብሪው የእንጨቱ ቀለበት ውስጡ ይታያል፣ እጅ ላይም ይቀላል። የድንጋዩ ግን ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች የተጫነ ተክል ነው። ይከብዳል፣ የተሰበረበት በኩልም ያብረቀርቃል።

ታሽ ኮሙር ያለችው ናሪን ወንዝ ከተራራው ወርዶ ወደ ፈርጋና ሸለቆ ሊገባ ሲል ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከተማዋ ወንዙን ይዛ ረዝማለች። እዚያ ሰው የሰበሰበው ከሰሉ ነው። በሶቭየት ዘመን ጉድጓዶች ተቆፈሩ፣ ሐዲድ ገባ፣ ለሠራተኛው ቤት ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1943 ከተማ ተባለች።

ዓመቷን ልብ በይልኝ። ጦርነት ነው። ጀርመን ትልቁን የከሰል ምድር፣ ዶንባስን፣ ይዛዋለች። ስለዚህ በስተምሥራቅ ያለው ከሰል ሁሉ ተፈለገ። ኪርጊዝስታንም «የመካከለኛው እስያ ምድጃ» እስከመባል ደርሳ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ እዚያው ወንዙ ተገደበና 450 ሜጋዋት የሚያመነጭ የኃይል ጣቢያ ቆመ።

በ1991 ሶቭየት ሲፈርስ ግን ከሰሉን የሚገዛው ጠፋ። ጉድጓዶች ተዘጉ። ብዙ ወጣት እንጀራ ፍለጋ ሩሲያ ሄደ። ይህን ሳነብ ሆዴ ይባባል። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እዚህ አዳማ የድሮው ባቡር መምጣቱን ሲያቆም ጣቢያው ፊት ለፊት ቡና የምታፈላ ጎረቤታችን ጀበናዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ዞረች። እሷ እንኳን የምትዞርበት ነበራት። በአንድ ጉድጓድ የሚኖር ከተማ ወዴት ይዞራል?

ለአቤል ንገሪልኝ፦ ካርታው ላይ ትንሽ ወደ ደቡብ ወርዶ ኪዚል ኪያን፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሱሉክታን ይፈልግ። እነሱንም ከተማ ያደረጋቸው ከሰል ነው።