የቲአር6 ሻንሲ ሲሰነጠቅ፦ የቱን ማጠናከር፣ የቱን መተው

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1972 ትራያምፍ ቲአር6 የተባለ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለኝ። ከቆመበት ላስነሳው ፍሪሲዮን ስለቅ ከኋላ “ጓ” የሚል ድምፅ ያሰማል። ከስር ገብቼ ሳይ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ከታሰረባቸው ተሸካሚዎች የፊተኛው የቀኙ ተሰንጥቋል። በያጄ ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ እንልበሰው ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። የተሰነጠቀው ቦታ ይታወቃል፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ጥገናው እዚያው ላይ ማረፍ አለበት።

የኋላ ጎማዎቹ እየራሳቸው የሚወዛወዙበት ይህ ሻንሲ እ.ኤ.አ. በ1965 በቲአር4ኤ መጥቶ በቲአር5 በኩል እስከ ቲአር6 ዘልቋል፤ ደካማ ቦታዎቹም አብረውት ዘልቀዋል። ዲፈረንሻሉ በአራት ፒኖች ላይ በጎማ ትራስ ተይዟል። ነዳጅ ሲሰጡት ሁለት ኃይል ይነሳል። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ የዲፈረንሻሉን ቤት በራሱ አዙሪት አቅጣጫ ሊያዞረው ይታገላል፤ ይህ ቀኝ ጎኑን ወደ ላይ ያነሳል። ጎማዎቹ መኪናውን ወደፊት ሲገፉ ደግሞ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ሽቅብ ይላል። ሁለቱ የሚደመሩት የፊት ቀኝ ፒን ላይ ነው። ፒኑ የተበየደበት ተሸካሚ ከታጠፈ ቀጭን ላሜራ የተሠራ፣ ጎኑ ያልተዘጋ ስለሆነ በእያንዳንዱ መነሳት እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ በመጨረሻ በፒኑ ዙሪያ ይቀደዳል።

ወፍራም ላሜራ ሁሉንም ማልበስ ይህን አያድንም። የሻንሲው ብረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በላዩ 5 ሚሊ ሜትር ሲጨመር የተጨመረበት ክፍል አይለጠጥም፤ መለጠጡ በሙሉ ላሜራው የሚያልቅበት መስመር ላይ ይከማቻል። ቀጣዩ ስንጥቅ የሚወጣው እዚያ፣ ከብየዳው ጎን ነው። ረጅም ብየዳ ሲቀዘቅዝም ብረቱን ስቦ ሻንሲውን ያጎብጠዋል፤ በሁለቱ ብረቶች መሃል የገባ ውሃ ደግሞ ማንም ሳያየው ይበላዋል።

ከመበየድ በፊት መሃሉን ይፈትሹ። ሁለቱ ዋና የሻንሲ እግሮች መሃል ላይ ተቀራርበው ከላይና ከታች በላሜራ የተያያዙበት ቦታ ውሃና ጭቃ ያቁራል። በመዶሻ ሲመቱት የሚጮኸው ጤነኛ ነው፤ ድምፁ የታፈነውን በሹል ካቻቪቴ ይውጉት። ከገባ፣ ዲፈረንሻሉን ረስተው መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ። በበሰበሰ እግር ላይ የተጠናከረ ተሸካሚ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ልኬት። ሻንሲውን በውሃ ልክ አስተካክለው ካቫሌቶ (ማቆሚያ) ላይ ያሳርፉ፤ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ከሆኑ ቀዳዳዎች ቱንቢ እየጣሉ ወለሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ አግድሞሽ ይለኩ። ሁለቱ አግድሞሾች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሻንሲው ጠሟል፤ ሳይቃና ከተበየደ ጥመቱ ይጸናል። ቦዲው የሚነሳ ከሆነ በየበሩ ክፍተት ላይ ማገጃ ብረት ያስሩ፤ አለዚያ መሃሉ ይሰምጥና በሮቹ ተመልሰው አይገጥሙም።

አሁን ወደ ተሸካሚው። ባትሪው ይፈታ፣ ዲፈረንሻሉ ይውረድ። ነዳጅ ታንኩ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከሚበየደው ቦታ በላይ ስለሆነ መውጣቱ ለድርድር አይቀርብም። በሻንሲው ላይ የሚያልፉትን የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎችም ያርቁ። ቅባቱን ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ አይጠቡ፤ ቅሪቱ በብየዳ ሙቀት ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይሆናል።

ቀለሙን እስከ ብረቱ ይላጩ፤ የግራውን ተሸካሚም ጭምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ስንጥቁ ከቀለም ስር ጀምሯል። የስንጥቁ ጫፍ ከሚታየው ጥቂት አልፎ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳ፤ እንዳይቀጥል የሚያቆመው ይህ ቀዳዳ ነው። ስንጥቁን በግራይንደር ከፍተው በብየዳ ይሙሉና አስተካክለው ይሙረዱት። ፒኑ ከላላ ይቀየር፤ ግን አሮጌውን ከመቁረጥዎ በፊት የአራቱን ፒኖች ቦታ የሚይዝ መምሪያ ሰሌዳ ከወፍራም ብረት ይብሱ። ፒኑ ትንሽ ከዘመመ ዲፈረንሻሉ ተጣሞ ይቀመጣል፣ የጎማ ትራሶቹም ቶሎ ያልቃሉ።

ማጠናከሪያው ሦስት ነገር ነው። በፒኑ ዙሪያ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ክብ ላሜራ፤ የተሸካሚውን ክፍት ጎን የሚዘጋ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ሳህን፤ ተሸካሚውን ከአግዳሚው ብረት ጋር የሚያገናኝ ሦስት ማዕዘን ደጋፊ። ከሁሉም ዋናው የመዝጊያው ሳህን ነው። ከቀጭን ላሜራ የተሠራ ሳጥን አንድ ጎኑ ክፍት ሲሆን ለጥምዘዛ ያለው ጥንካሬ፣ አራቱም ጎኑ ሲዘጋ ከሚኖረው መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ከመዝጋትዎ በፊት ግን ዳዶው በቁልፍ እንደሚደረስበት ዲፈረንሻሉን ሞክረው ያረጋግጡ፤ ከታች 8 ሚሊ ሜትር የውሃ መውጫም ይተዉ። በሁለቱም ጎን ይሥሩት።

ሚግ ብየዳ (ሽቦው ከማሽኑ እየወጣ የሚበየድበት) በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። መጀመሪያ በተመሳሳይ ውፍረት ቁራጭ ላይ ይበይዱና በሞርሳ ይዘው ይስበሩት፤ ብየዳው ከብረቱ ተላቆ ከወጣ ኃይሉ አንሷል። በሻንሲው ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር እየበየዱ ከጎን ወደ ጎን ይዝለሉ። ዋናው እግር ላይ ማጠናከሪያ ካስፈለገ የላሜራው ጫፍ ቀጥ ብሎ እግሩን አቋርጦ አይቆረጥ፤ ሾጥጦ ይለቅ።

ሻንሲው ከተከፈተ አይቀር የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው የታችኛው ክንድ የሚታሰርባቸውን ተሸካሚዎችም ይመልከቱ። እነሱም ይቀደዳሉ፤ ትንንሽ ደጋፊ ማከል ይበቃቸዋል። የኋላ ክንዶቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ ብረትም ከውስጥ ስለሚዝግ በካቻቪቴ ይወጋ።

ሲገጠም አዲስ ጎማ ትራስ ይደረግ። ያለቀ ትራስ ፒኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ጠንካራው የፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ ትራስ ንዝረቱን ሁሉ ለተሸካሚው ስለሚያሳልፍ ለመንገድ መኪና የተለመደውን ጎማ እመርጣለሁ። የተዘጉትን ክፍሎች ከውስጥ በሰም ይርጩ፤ ውጭውን ፈዛዛ ቀለም ይቀቡት፣ አዲስ ስንጥቅ ቢጀምር የዝገት መስመሩ ቶሎ ይታያል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ “ጓ” የሚለው ድምፅ ካልጠፋ ሻንሲውን ይተዉትና የዘንጎቹን መስቀለኛ መጋጠሚያዎችና ወደ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች ተንሸራታች ጥርሶች ይመርምሩ፤ ሲያልቁ የሚያሰሙት ድምፅ ከዚህ ጋር አንድ ነው።