ፒጂፕሎትን ከፎርትራን በትክክል ስለ መጥራት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

በጎንደር በስሌትና በአየር ንብረት መረጃ ላይ የምንሠራ አባላት ለአንድ አንጋፋ መምህር ካቀረብናቸው ጥያቄዎች የተወሰዱ ናቸው። ፒጂፕሎት በፎርትራን ቋንቋ ከተጻፈ ፕሮግራም እየተጠራ ግራፍ የሚስል ላይብረሪ (የዝግጁ ፕሮግራሞች ስብስብ) ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከጥር ጀምሮ ያሉትን የ12 ወራት የጎንደር ዝናብ በሙሉ ሚሊሜትር መዝግቤ በፒጂላይን (ነጥቦችን በመስመር በሚያገናኘው) ስስለው፣ መስመሮቹ ሁሉ ከዜሮ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይበተናሉ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭራሽ የሉም።

መልስ፦ አሬዮችዎን (የቁጥር ዝርዝሮችዎን) በደብል ፕሪሲዥን፣ ማለትም በባለ 8 ባይት ቁጥር፣ አውጀዋል፤ ፒጂላይን ግን የሚቀበለው ባለ 4 ባይት ሪል (ሲንግል ፕሪሲዥን የአስርዮሽ ቁጥር) ብቻ ነው። አንዱ ባለ 8 ባይት ቁጥር ለእርሱ ሁለት ቁጥር ሆኖ ይታየዋል። በተለመዱት ኮምፒውተሮቻችን 1፣ 2፣ 3 ብለው በደብል ያስቀመጡትን 0፣ 1.875፣ 0፣ 2፣ 0፣ 2.125 ብሎ ያነበዋል፤ በየመሀሉ የሚገባው ዜሮ ነው መስመሩን ወደ መነሻው የሚመልሰው። 12 ነጥብ አንብብ ስላሉት 12 ጊዜ 4 ባይት አንብቦ ያቆማል፤ ይህም የመረጃዎ ግማሽ በመሆኑ ከሰኔ አያልፍም፤ ክረምቱ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በጥሪው ላይ አሬዩን በሪል ፈንክሽን ለውጠው ይላኩ። ከሁሉ በላይ ግን ለምትጠሯቸው ሰብሩቲኖች (እንደ ፒጂላይን ላሉ ንዑስ ፕሮግራሞች) ኢንተርፌስ፣ ማለትም የሚቀበሉትን የሚያሳውቅ መግለጫ፣ ጻፉ። ኢንተርፌስ በሌለበት ኮምፓይለሩ (ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) በሌላ ፋይል ያለው ሰብሩቲን ምን ዓይነት አርጊውመንት (የሚላክለት እሴት) እንደሚፈልግ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ የሰጣችሁትን ሁሉ ያለ ቅሬታ ያሳልፋል።

አንድ አባል፦ ኮምፓይለሩን ሪል ሁሉ 8 ባይት ይሁን ብለን ብናዝዘውስ?

ሌላ አባል፦ ይህማ ደኅናውንም ፕሮግራም ያበላሻል፤ ላይብረሪው በ4 ባይት ነው የተሠራው።

የመጀመሪያው አባል፦ ላይብረሪውንም በዚያው ትእዛዝ እንደገና እንሠራዋለና።

መልስ፦ አይሆንም። ስክሪን ላይ የሚስለውና የፒኤንጂ ፋይል የሚጽፈው ክፍል በሲ ቋንቋ የተጻፈና ፍሎት (የሲ ባለ 4 ባይት ቁጥር) የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ችግሩ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የሥዕሉን መውጫ የሚከፍተው ፒጂኦፕን የሚመልስልኝ ቁጥር ትርጉም የለውም።

መልስ፦ ፈንክሽን (እሴት የሚመልስ) ስለሆነ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብለው ያውጁት። ካላወጁት ስሙ በፒ በመጀመሩ ብቻ ፎርትራን ሪል አድርጎ ይወስደዋል። ከዜሮ የሚበልጥ ከመለሰ ተከፍቷል። ስም ሁሉ እንዲታወጅ የሚያስገድደውን ኢምፕሊሲት ነን ቢጽፉ ኖሮ ኮምፓይለሩ ራሱ ይነግርዎት ነበር።

ጥያቄ፦ ለምን በፓይተን አንሥልም?

መልስ፦ ይሣሉ፤ የከለከለዎት የለም። የዛሬው ጉዳይ ግን ፎርትራን ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ እንዳሉት ወደ ሪል ለውጬ የጣናን ከፍታ በየሰዓቱ ስስል መስመሩ ደረጃ ደረጃ ሆነ። ጊዜውን የወሰድኩት በጁልያን ቀን (ከጥንት መነሻ ጀምሮ በተከታታይ በሚቆጠር የቀን ቁጥር) ነው።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲንግል ፕሪሲዥን የሚይዘው ሰባት ያህል አሃዝ ነው። የዘመናችን የጁልያን ቀን ከ2,460,000 በላይ በመሆኑ፣ በዚህ መጠን ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች የሚራራቁት በ0.25፣ ማለትም በስድስት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት 0.042 ቀን ያህል ስለሆነ ስድስት ስድስት ንባቦችዎ በአንድ የጊዜ ነጥብ ላይ ይደራረባሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ በደብል እንዳሉ የመነሻውን ቀን ቀንሱ፣ ከዚያም ወደ ሪል ለውጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መቀነሱ ምንም አይጠቅምም፣ የጠፋው አሃዝ አይመለስምና። ከፍታውን ግን አይንኩት፤ 1,786 ሜትር አካባቢ ያለ ቁጥር በሲንግል እስከ ሚሊሜትር ድረስ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የእኔም መስመር ወደ ዜሮ እየተመለሰ ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የሠራ ፕሮግራም በጂሲሲ ኮምፓይለር 10ኛ እትም የአርጊውመንት ዓይነት አይመሳሰልም ብሎ እንቢ አለ።

መልስ፦ በአንድ ፋይል ውስጥ ያንኑ ሰብሩቲን አንዴ በሪል፣ አንዴ በደብል ጠርተዋል ማለት ነው። ቀድሞ ይታለፍ የነበረው ከ10ኛው እትም ወዲህ ስሕተት ተብሎ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚያደርግ አማራጭ እንዳለ አውቃለሁ፤ እባካችሁ በእርሱ አትሸፍኑት። ኢንተርፌስ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ሊንክ ሲደረግ (ክፍሎቹ ሲያያዙ) ፒጂላይን አልተገኘም ይላል።

መልስ፦ በትእዛዙ ላይ ላይብረሪው ከኦብጀክት ፋይሎቹ (ኮምፓይለሩ ተርጉሞ ካወጣቸው) በኋላ ይምጣ።

ጥያቄ፦ የእኔ ግራፍ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይሠራም ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? የጠሩበትን መስመር ሳላይ ልመልስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ይቅርታ መምህር። የግራፉን ወሰንና ዘንጎች የሚያዘጋጀውን ፒጂኤንቭን የጠራሁት በ0፣ 12፣ 0፣ 400፣ 0፣ 0 ነው።

መልስ፦ ነጥብ የሌለው 12 ኢንቲጀር ነው፤ ሰብሩቲኑ እንደ ሪል ሲያነበው ከዜሮ የማይለይ ኢምንት ይሆንበታል። የመጀመሪያዎቹን አራት 0.0፣ 12.0፣ 0.0፣ 400.0 ብለው ይጻፉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኢንቲጀር መሆን ስላለባቸው ነጥብ እንዳይጨምሩባቸው።